ሦስት ጊዜ ያልተለመነች ሙሽራ

በላች! እልል በሉ፣ በላች!

የበላችው ቡላ ነው። በቅቤ ያበደ ቡላ፣ ያውም ሁለት ሳህን፣ ያውም አስፋልት ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ። "መብላት ደግሞ ምኑ ዜና ነው? ሰው ሁሉ ይበላ የለም እንዴ?" የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሱኝ። እኔ ሆሳዕና መናኸሪያ የጃጁራ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጫለሁ፤ ረዳቱ "ሁለት ሰው የቀረው! ሁለት ሰው!" እያለ ይጮኻል፤ ይህቺ "ሁለት ሰው" ደግሞ ስንት ሰዓት እንደምትፈጅ የአገሬ ሰው ያውቃታል። እስክንሞላ ከሥሩ ልተርክላችሁ።

የበላችው ሰሎሜ ናት። ሰሎሜ የጃጁራዋ የእማማ ገነቴ የመጨረሻ ልጅ ናት፤ ሆሳዕና ሕፃናት ስታስተምር ሦስት ዓመት እኛ ግቢ ተከራይታ ኖራለች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። በጥር ተዳረች። ሠርጉ ላይ ድንኳኑ ነበረ፣ ዘማሪው ነበረ፣ በሬው ነበረ፤ ያልነበረው ሙሽራው ብቻ ነው። አጵሎስ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ስላለው መምጣት አልቻለም። ወንድሙ ሆሴዕ ሱፍ ለብሶ በእሱ ቦታ ቆመ፤ የአጵሎስ ፎቶ በትልቁ ታትሞ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እኛ ከተማ ይህ ማንንም አያስገርምም፤ ልጆቻችን እዚያ ናቸው፣ ድግሱ እዚህ ነው። ፎቶው ግን በምሳ ሰዓት ነፋስ ጣለውና ሰሎሜ ራሷ ተነሥታ አቆመችው። ከባሏ ጋር የሠራችው የመጀመሪያ ሥራ ይሄ ነው።

አጵሎስን በስልክ ቪዲዮ ታውቀዋለች። ታውቀዋለች ካልን ነው። የሚደውለው እሷ አዲሎ እናቱ ቤት ስትሄድ ነው፤ እናቱ፣ ወንድሞቹና የወንድሞቹ ልጆች ስልኩን ይከቡታል፤ ለሰሎሜ የሚደርሳት የእሱ ግማሽ ፊትና የእናቱ ሙሉ ጆሮ ነበር። የሷ ቤት ቋንቋ ሀድይኛ ነው፣ የሱ ከምባትኛ፤ ስለዚህ የሚነጋገሩት ሁለቱም ትምህርት ቤት በተማሩት አማርኛ ነው። "ሰላም ነሽ?" "ሰላም ነኝ።" "ሥራ እንዴት ነው?" "ጥሩ ነው።" በቃ።

ሆሳዕና ላይ ስንሸኛት እማማ ገነቴ ወደ ጥግ ወሰዷት። እኔም አጠገባቸው ነበርኩ፤ ጆሮዬን ምን ላድርገው?

"ስሚኝ ልጄ" አሉ። "ብዪ ስለተባልሽ ብቻ እጅሽን እንዳትዘረጊ። አንድ ጊዜ ሲልሽ ጠግቤያለሁ በይ። ሁለተኛ ሲልሽ ኧረ በቃኝ በይ። በሦስተኛው በሞቴ ሲልሽ ያኔ ቅመሺ። ከጃጁራ ሆዳም አመጡልን እንዳይሉ።"

"ባይለምነኝስ?" አለች ሰሎሜ እየሳቀች።

"ሙሽራዋን የማይለምን ሰው አያኖርሽም። ላኪብኝ፤ ያቺን ጊደር ሸጬ አስመልስሻለሁ። እኔም አንቺ 'በላሁ' እስክትዪኝ ድረስ ከውሃ በቀር አፌ አይገባም።"

ሰሎሜ ቀልድ መስሏት ነበር። እማማ ገነቴ ግን በምግብ ቀልደው አያውቁም።

ከትናንት በስቲያ ጠዋት አውሮፕላን ላይ ወጣች። አስተናጋጇ ጋሪዋን እየገፋች መጥታ "ዶሮ ወይስ ፓስታ?" አለቻት።

"አመሰግናለሁ፣ ጠግቤያለሁ።"

ሰሎሜ ሁለተኛውን ጥያቄ ስትጠብቅ ጋሪው ሦስት ወንበር አልፎ ነበር።

ጆሃንስበርግ አየር ማረፊያ አጵሎስ ቆሞ ጠበቃት። ከፎቶው ቀጭን ነው፣ ከፎቶው ረዥም ነው፤ ጆሮ ግንዱ ላይ ደግሞ ፎቶው ያልነገራት ሽበት አለ። እጁን ዘረጋላት፤ ጨበጠችው። ትከሻ ለትከሻ ሊሳለሙ ሲሉ አንደኛው ወደ ቀኝ ሌላኛው ወደ ግራ ሆነና አፍንጫ ለአፍንጫ ሊጋጩ ነበር፤ ሁለቱም አፍረው ተመለሱ።

"መንገዱ ጥሩ ነበር?"

"ጥሩ ነበር።"

"ጥሩ" አለ። ትንሽ ቆየና ደግሞ "መንገዱ ጥሩ ነበር አይደል?" አለ።

ከውጭ ፒካፑ ቆሟል፤ ጭነቱ እስከ አፉ ሞልቶ በሸራ ታስሯል። አጵሎስ ሙሽራዋን ለመቀበል ሲመጣ በዚያው ለሱቁ ዕቃ ሊጭን ነው የመጣው፤ ከሱቁ እስከዚህ ዘጠኝ መቶ ኪሎ ሜትር ነው፣ ሁለት ጊዜ አይመላለስበት! የጅምላ ነጋዴው ፈትሁዲን፣ የወራቤው ሰው፣ ከጋቢናው አንድ ካርቶን እያወረደ ነበር።

"እኅታችን፣ እንኳን ደህና መጣሽልን! ይቅር በዪን፣ ዘይቱ ቀድሞሽ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። ና ውረድ አንተ ዘይት፣ ባለቤቲቱ መጣች!"

ሰሎሜ ከት ብላ ሳቀች። ያን ሳቅ ደህና አድርጋችሁ ያዙልኝ፤ ሌላ እስክትስቅ አንድ ቀን ሙሉ ሊያልፍ ነው። ፈትሁዲን አጵሎስን ከመኪናው ጀርባ ወስዶ ትንሽ አንሾካሾከለት፤ ከዚያ ተነሡ።

ከተማው ሊያልቅ ሲል አጵሎስ መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ ጠየቃት።

"ምሳ ትበያለሽ?"

"አይ፣ ጠግቤያለሁ።"

"እሺ" አለና ማርሽ ቀየረ።

ሰሎሜ ጠበቀች። የመብራት ምሰሶ እያለፈ፣ ፋብሪካ እያለፈ፣ የትልልቅ ሱቅ ማስታወቂያ እያለፈ ጠበቀች። ምንም የለም። ነዳጅ ማደያ ሲቆሙ አጵሎስ ገብቶ ሥጋ የተሞላበት ትኩስ ዳቦ ይዞ ወጣ፤ ለሷ ውሃ አመጣላት። "ልግዛልሽ?" አላት። "አይ፣ ይቅርብኝ" አለች። "እሺ" አለና ዳቦውን በላ። አጠገቧ፣ እየነዳ፣ ለብቻው፣ እስከ ፍርፋሪው በላው! የሥጋው ሽታ መስኮቱ እስኪከፈት ከጋቢናው አልወጣም። ሰሎሜ በዕድሜዋ አጠገቧ ተቀምጦ ብቻውን የሚበላ ሰው አይታ አታውቅም። ጭነት የጫኑ ሰዎች ለጭነቱ ብላ አይሉትም፤ እኔም ከዘይቱና ከስኳሩ አንዱ ነኝ ማለት ነው ብላ አሰበች።

"አንተ ያለህበት ከተማ ሌላ ሐበሻ አለ?" ብላ ጠየቀችው።

"ነበረ። አንድ የሾኔ ልጅ ነበረ። ሄደ።"

"መቼ?"

"አራት ዓመቱ።"

ሊመሽ ሲል ብሉምፎንቴን ዳር አንድ የእንግዳ ማረፊያ አደሩ፤ ከመሸ አይነዳም። አልጋውን ለሷ ለቆ ሶፋው ላይ ብርድ ልብስ አነጠፈ። "እራት?" አላት። "አይ።" "እሺ።" ብቻውን ወጥቶ ሲመለስ እናቷ ስልክ ላይ ነበሩ።

"በላሽ?" አሉ እማማ ገነቴ። ሰላምታ የለም፣ መንገዱ እንዴት ነበር የለም።

ሰሎሜ መዋሸት አትችልም፤ እውነቱንም በሱ ፊት መናገር አልሆነላትም። "ነገ እነግርሻለሁ እማዬ" አለች በሀድይኛ።

እማማ ገነቴም "እሺ። እንግዲያው እኔም ነገ" አሉና ዘጉት።

በማግስቱ ቁርስ ክፍል በር ላይ አጵሎስ እጁን አጣምሮ ቆመ። "ቁርስ አለ። ትበያለሽ?"

ሰሎሜ የልመናውን በር ትንሽ ልትከፍትለት ሞከረች። "ብዙም አላሰኘኝም" አለች። ብዙም! የኛ አገር ሰው ይህችን "ብዙም" ሲሰማ ክንድሽን ይዞ ጎትቶ ነው የሚያስቀምጥሽ።

"እሺ" አለ አጵሎስ፤ እሱም ሳይበላ ሻንጣዋን ሊያወጣ ሄደ። በመስኮቱ በኩል አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ሁለት እንቁላል ሲበላ አየች። እንቁላሎቹን እስካሁን ታስታውሳቸዋለች፤ አንደኛው ጠርዙ አሮ ነበር።

ከዚያ ሜዳው መጣ። ካሩ ይሉታል። ሰሎሜ መንገድ ታውቃለች፤ ከሆሳዕና ዱራሜ፣ ከዱራሜ ሾኔ ስንቴ ተመላልሳለች። በኛ መንገድ ሰው ከዓይን አይጠፋም። ጀሪካን የተሸከመች ልጅ ስታልፍ የቆጮ ሸክም ያጎነበሳት ሴት ትመጣለች፤ እሷ ስታልፍ ከገበያ የሚመለሱ፣ እነሱ ሲያልፉ ለቅሶ የሚሄዱ። እዚህ ግን የሽቦ አጥር ብቻ ነው። አጥር፣ አጭር ቁጥቋጦ፣ አጥር፣ ሩቅ ላይ ለብቻው የሚሽከረከር የነፋስ ውሃ መሳቢያ። ሰው መቁጠር ጀመረች። ከጠዋት እስከ ስድስት ሰዓት ሁለት ሰው ቆጠረች፤ አንዱ አጥር ይጠግናል፣ አንዷ መንገድ ዳር ሊፍት ትለምናለች። ለሷ አልቆሙላትም። ሰሎሜ ዞር ብላ ሴትዮዋ ነጥብ እስክትሆን ድረስ አየቻት፤ ቢያንስ እሷ እየለመነች ነው ብላ ቀናችባት።

አንድ ጊዜ ሳታስበው በሀድይኛ ለመስኮቱ ተናገረች። ምን እንዳለች እኔም አልነገረችኝም።

"ምን አልሽ?" አለ አጵሎስ።

"ምንም።"

"እሺ።"

ያቺ "እሺ" ጨረሰቻት። ክፉ ሰው ቢሆን ይሻላት ነበር፤ ይህኛው እንደ ጥሩ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፣ የጠየቅሽውን ይፈጽማል፣ ያልጠየቅሽው አይመለከተውም። ዕድሜ ልክ "እሺ" ከሚል ሰው ጋር፣ ሰው በሌለበት ሜዳ! ስልኳን አወጣችና ለእናቷ ጻፈች። "እማዬ፣ ጊደሯን ሽጪ።" "ላክ" የሚለውን ተጫነች። ኔትወርክ የለም፤ መልእክቱ አጠገብ ያለችው ትንሽ ክብ ዞረች፣ ዞረች፣ እዚያው ቀረች።

ማልቀስም አልሆነላትም። አንድ ነገር ግን ትዝ አላት፤ እግሯ ሥር ያለው ባልዲ። ቡላ፣ የተነጠረ ቅቤና ዳቦ ቆሎ ይዟል፤ የአጵሎስ እናት አዲሎ ላይ "በእጅሽ ስጪው" ብለው ያስያዟት ነው። ቤት ስንደርስ እሰጠዋለሁ ብላ አስባ ነበር። አሁን ግን ልትሄድ ነው፤ የሰው አደራ ይዛ አትሄድም። የባልዲውን ክዳን ከፈተችና ከዳቦ ቆሎው በሁለት እጇ ሙሉ ዘገነች።

"ይሄ የእናትህ ነው። በእጅሽ ስጪው ብለውኛል። እንካ፣ ብላ።"

"አይ፣ ጠግቤያለሁ" አለ አጵሎስ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል። ከጠዋት ጀምሮ እህል ያልቀመሰ ሰው!

ሰሎሜ ልትተወው አስባ ነበር። አፏ ግን ከልጅነቷ የለመደው ነው፤ ሳይጠይቃት ወጣ። "በሞቴ!"

"ኧረ በቃኝ።"

"አፈር ስሆን! የእናትህን እጅ ነው የምትመልሰው?"

ያኔ የአጵሎስ እጅ መሪውን ለቀቀና ወደ ዳቦ ቆሎው መጣ። መጣ፣ መጣ፣ ግማሽ መንገድ ላይ አየር ላይ ቆመ። መኪናው ዝግ አለ። ዳር ያዘና ሞተሩን አጠፋ። ነፋሱ ሸራውን ሲያርገበግበው ብቻ ይሰማል።

"ሰሎሜ" አለ። ስሟን ሲጠራት የመጀመሪያው ነው።

"እ?"

"ትናንት ከተማው ውስጥ ጠግቤያለሁ ስትዪኝ ጠግበሽ ነበር?"

ዳቦ ቆሎውን በመዳፏ እንደያዘች አቀረቀረች።

"ነዳጅ ማደያውስ ጋ? ዛሬ ጠዋትስ?"

"ብዙም አላሰኘኝም አላልኩህም?"

"ብዙም ብለሻል!" ራሱን ያዘ። "ስንት ስንት ጊዜ ነው የጠየቅኩሽ?"

"አንድ አንድ ጊዜ።"

ግንባሩን መሪው ላይ ደፋው። ጥሩምባው ጮኸ፤ ከአጥሩ ወዲያ ያሉ በጎች በርግገው ሮጡ። እሱ ግን ቀና አላለም። እንደተደፋ ነው ያወራት።

"እኔ አሥራ ሦስት ዓመት ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ሆኜ ነው የምሸጠው። ሌባ ስላለ ሁላችንም እንደዚያ ነን። ዳቦ ካሉኝ በቀዳዳዋ ዳቦ እሰጣለሁ፤ አልፈልግም ካሉ ዝም ነው። ፈትሁዲን ደግሞ መክሮኛል። ከአገር የምትመጣ ሴት ካስጨነቅካት ትሸሻለች፣ የምትልህን ሁሉ እሺ በል አለኝ።"

"እሺ ስትለኝ እኮ ነው ልሸሽ የነበረው!"

ቀና ብሎ አያት። እሷም አየችው፤ ሙሉ ፊቱን፣ ያለ እናቱ ጆሮ። ዓይኑ ሥር የተኛ ድካም አለ።

"አንተንስ" አለች ቀስ ብላ፣ "አንተንስ በሞቴ ያለህ ሰው ካለ ስንት ጊዜ ሆነው?"

በጣቱ መቁጠር ጀመረና ተወው። "የሾኔው ልጅ ከሄደ ወዲህ የለም" አለ። ከዚያ ዳቦ ቆሎውን ከመዳፏ በሁለት እጁ ተቀበለና ሳይቀምስ መልሶ ወደሷ ዘረጋው። "እሺ፣ ያልለመንኩትን ልለምን። ስለ ትናንቱ ምሳ፣ በሞቴ!"

"ጠግቤያለሁ" አለች ሰሎሜ።

"ስለ ነዳጅ ማደያው፣ አፈር ስሆን!"

"ኧረ በቃኝ።"

"ስለ እራቱ፣ ስለ ቁርሱ፣ ስለዚያ የሥጋ ዳቦ፣ አጵሎስ ይሙት! እያየሽኝ በላሁት እኮ! እንዴት ዝም አልሽኝ?"

ሳቀች። በጣሙን ሳቀች፤ ሳቁ መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ሊዞር ሲል አጵሎስ ዘሎ ወረደ። "ዳቦ ቆሎ አይደለም የምትበዪው" አለ። ሸራውን ፈታ። ለሽያጭ ከጫነው ዕቃ አንድ ትንሽ የጋዝ ምድጃ፣ ወረቀቱ ያልተላጠ ድስትና ወተት አወጣ። ነፋሱ እሳቱን ሦስት ጊዜ አጠፋው፤ አጵሎስ ጃኬቱን አውልቆ ከለለው፣ ፈትሁዲን ከጋቢናው አውርዶ ከኋላ የጫነውን የዘይት ካርቶንም አቆመ። ሰሎሜ ቡላውን አማሰለች። መጀመሪያ ጓጎለ። "ለመምህርት እንዲህ ይጓጉላል?" አላት፤ "መምህሯ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ አልበላችም" አለችው። ቅቤው ሲገባበት ሽታው አዲሎም ጃጁራም ሆነ። አጵሎስ ጸለየ፤ ጸሎቱ ከአማርኛ ወደ ከምባትኛ ዞረና ሰሎሜ ከዚያ ወዲያ የሰማችው ስሟንና አሜንን ብቻ ነው። ደግሞ ለመናት። በላች።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሜዳው ሜዳነቱን አልተወም። ከበሉ በኋላም ሰው አልመጣም፣ አጥሩም አላለቀም። ማታ ሲደርሱ ከሱቁ ጀርባ ያለው ቤት አንድ ወንበር፣ አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ማንኪያ ነበረው። አጵሎስ ወንበሩን ለሷ ሰጥቶ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀመጠ። ዛሬ ጠዋት ሰሎሜ የደወለችልኝ ፍርግርጉ ጀርባ ቆማ ነው። ይህን ሁሉ አውርታልኝ ስታበቃ "እትዬ፣ ስልኩን አይዝጉት" አለችኝ። "ዝም ብለው መስኮቱ ላይ ያስቀምጡልኝ። የግቢውን ድምፅ ልስማ።" አስቀመጥኩላት። ዶሮዎቹ ይጮኻሉ፣ ልጆቹ ይጣላሉ፣ እሷ እዚያ ዝም ብላ ትሰማለች።

ድንገት ስልኩ ውስጥ ጮኸች። "እትዬ! መልእክቱ!"

ለካ ያቺ "ጊደሯን ሽጪ" እዚያው ተረስታ ኖሮ ኔትወርክ ሲገኝ ሄዳለች! ስልካቸው ሳይዘጋ ለእማማ ገነቴ ደርሷቸዋል። ከትናንት ማታ ጀምሮ ብትደውል ስልካቸው ዝግ ነው፤ ጃጁራ መብራት ከጠፋ ሁለት ቀኑ። ዛሬ ደግሞ የጃጁራ ገበያ ቀን ነው። ሴትዮዋ ሦስተኛ ቀናቸው ሳይበሉ ጊደሯን በገመድ ይዘው ወደ ከብት ተራ እያዘገሙ ይሆናል፤ ልጅቱ ደግሞ ሁለት ሳህን ቡላ በልታ ባሏ ሱቅ ቆማለች!

ለዚህ ነው ድንቹን እሳት ላይ ትቼ የሮጥኩት። ጭኔ ላይ ያለው ለእማማ ገነቴ የያዝኩት ምሳ ነው፤ ሦስት ጊዜም አልለምናቸውም፣ ሠላሳ ጊዜ ነው! አሁን አንድ ሽማግሌ ገቡ፤ አንዲት ዶሮ የያዘች ሴትም ከኋላቸው አለች። "ሞላ! ሂድ ሾፌር!" ሞላ! በቃ፣ ልሂድ፤ ጊደሯ ሳትሸጥ ልድረስባቸው።